ዶሮ የታቀፈችው ብልቃጥ

በሥራዬ ከተጠቀምኩባቸው የመመርመሪያ መሣሪያዎች ሁሉ የማልረሳት አንዲት ቀይ ዶሮ ናት። ቀልድ አይደለም። ሮቤ ተመድቤ የመጠጥ ውሃ ንጽሕና መመርመር ሥራዬ ከሆነ ወዲህ ብዙ ዕቃ በእጄ አልፏል፤ የተሰበረ አለ፣ ባትሪው ያለቀ አለ፣ ከጅምሩም ያልሠራ አለ። ቀይዋ ዶሮ ግን አንድም ቀን አላሳፈረችኝም። እንደምትጠላኝ አውቃለሁ፤ ጥላቻዋን ግን ከሥራዋ ጋር አላያያዘችውም። እጄን ነቁራ ነቁራ ሲወጣላት ተመልሳ ትቀመጥ ነበር።

እኔ ጎጃም ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። ወደ ባሌ ስመደብ እናቴ «ብርድ ነው አሉ» ብላ በጋቢ ላይ ጋቢ አሸከመችኝ፤ አልበዛብኝም። ኦሮምኛዬ ሰላምታ ላይ ያምርብኛል፣ ወሬው ሲጠነክር ግን ይከዳኛል። ስለዚህ መስክ ስወጣ አብሮኝ የሚወጣው የመሥሪያ ቤታችን የቧንቧ ሠራተኛ ነው። የሮቤ ልጅ ነው፤ በሁለቱም ቋንቋ ይቀልዳል፣ በሁለቱም ቋንቋ ያሾፍብኛል። እኔ ቶሎ እቆጣለሁ፣ እሱ ጨርሶ አይቆጣም። ለዚህ ይመስለኛል ሳንጣላ ዓመታት አብረን የሠራነው።

በዚያ ዓመት ዝናቡ ልኩን አለፈ። ከሮቤ ወደ ዲንሾ ሲወጣ፣ ከዋናው መንገድ ወደ ተራራው ገባ ብሎ ያለ አንድ የገብስ መንደር ጎርፍ መታው። ቤትም ሰውም አልወሰደም፤ «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ ሲያወሩት። የወሰደው ውሃቸውን ነው። መንደሩ የሚጠጣው ዳገቱ ላይ ከሚፈልቅ ምንጭ ነበር። ምንጩ በግንብ ሳጥን ተሸፍኗል፤ ከሳጥኑ በቧንቧ ወደ ማጠራቀሚያው ይወርዳል፣ ከማጠራቀሚያው ደግሞ ሰው ወደሚቀዳበት ቦኖ። ጎርፉ ከላይ ካለው የከብት መዋያ ጭቃውንም እበቱንም ጠርጎ አመጣና የሳጥኑን ክዳን ሰብሮ ገባ። ከዚያ በኋላ ከቦኖው የሚወርደው ውሃ ሻይ ይመስል ነበር። የሕፃናት ሆድ ታወከ፣ ጤና ኬላው ተጨናነቀ፣ እኛም ተጠራን።

ቦኖው አጠገብ ቆመው የጠበቁን የመንደሩ የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። ሁሉም «አዴ» ይላቸዋል፤ በዚያ አገር ለተከበረች ሴት የሚሰጥ መጠሪያ ነው። እኔም እስከ ዛሬ በሌላ ጠርቻቸው አላውቅም። ረጅም ሴት ናቸው፤ የቦኖው ቁልፍ በጥቁር ክር ታስሮ አንገታቸው ላይ ይንጠለጠላል። ገና ከሞተር ሳይክሉ ሳልወርድ ጀመሩኝ።

«መቼ ነው የሚጠራው?»

«መጀመሪያ ሰላም እንባባል እንጂ፣ አዴ» አለ ባልደረባዬ።

ሰላም ተባባልን። አካም ጅርቱ፣ ነጋ፣ ቤቱ፣ ልጆቹ፣ ከብቱ፣ አዝመራው። ሁሉም አልሐምዱሊላህ ነው። ሰላምታው እንዳለቀ ትንፋሽ እንኳ ሳይወስዱ፣

«መቼ ነው የሚጠራው?» አሉኝ ደግመው።

የችኮላቸው ምክንያት የገባኝ ውሃውን ልቀዳ ቁጭ ስል ነው። ልጃቸው የተዳረችው ደሎ መና ነው፤ ከተራራው ወዲያ፣ ቡናና ማር ያለበት ቆላ። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ወሯ ገፍቷል። የመጀመሪያ ልጅ ሲሆን ደግሞ ወላዷ የምትታረሰው እናቷ ቤት ነው፤ ይህ አዴ ዘንድ የሚከራከሩበት ነገር አይደለም። የልጅቷ አማት ግን ተከራከሩ። «ጎርፍ ውሃችሁን አበላሽቷል ሲሉ ሰምቻለሁ። የልጄን ሚስትና የልጅ ልጄን ጭቃ አላጠጣም፤ እዚሁ እኔው አርሳታለሁ» ብለው ላኩ። አዴ ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው አልተለወጠም። ቁልፉን ግን በጣታቸው ያሽከረክሩት ነበር።

«ውሃው ከዳነ ልጄ ትመጣለች። ካልዳነ እዚያው ትቀራለች። ነገሩ ይኸው ነው፣ ኢንታላ ኮ» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው።

ውሃ ስለጠራ ብቻ ነጻ ማለት እንዳልሆነ ለማስረዳት ብልቃጦቼን አወጣሁ። ትንንሽ የመስታወት ብልቃጦች ናቸው፤ ውስጣቸው መድኃኒት የተነከረ ወረቀት አለ። ውሃ ይሞላባቸውና ይዘጋሉ። ውሃው ከሰገራ ወይም ከእበት የመጣ ነገር ካለበት ይጠቁራል፣ ከሌለበት ባለበት ይቆያል። ፊደል ያልቆጠረም የሚያነበው ምርመራ ነው። አንድ ጣጣ ብቻ አለው፤ ብልቃጡ ውሎ እስኪያድር ሙቀት ይፈልጋል። እዚያ ዳገት ላይ ደግሞ ሙቀት የሚባል ነገር እንግዳ ነው፤ ምድጃው ሲጠፋ ቤቱ እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል። «እኔ ብብቴ ሥር አስሬው ነው የማድረው» ስላቸው አዴ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ጉንፋን ይዞኝ ነበር፤ ሳሉ አላናግር ብሎኛል።

«አንቺ ራስሽ የሚታቀፍሽ ያስፈልግሻል» አሉና ብልቃጡን ከእጄ ወስደው ወደ ቤታቸው ገቡ።

ተከትያቸው ገባሁ። ከበሩ ጀርባ፣ ጭድ በሞላ አሮጌ ቅርጫት ውስጥ ቀይዋ ዶሮ እንቁላሎቿን ታቅፋለች። አዴ በአንድ እጃቸው ዶሮዋን ከፍ አድርገው በሌላው ብልቃጡን ከእንቁላሎቹ መሃል ሸጎጡት። ዶሮዋ አጉረመረመች፤ በእግሯ ገፋ ገፋ አድርጋ ቦታ አስያዘችውና ተቀመጠችበት።

«ከዚህ የበለጠ ሙቀት ከፈለግሽ ደሎ መና ውረጂ» አሉኝ።

ባልደረባዬ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ወጣ። እኔ ልቃወም አፌን ከፍቼ ነበር። ግን የመሥሪያ ቤታችን ሙቀት መስጫ ሳጥን የሚሰጠው ሙቀት ከዶሮ ገላ ብዙ እንደማይርቅ ሳስበው መልሼ ዘጋሁት። በማግሥቱ ስናወጣው ብልቃጡ እንደ ኩል ጠቁሯል።

«ዶሮዋን ምን ልትፈለፍል ነው ብለን እንጠይቃት?» አለ ባልደረባዬ።

ሥራው ተጀመረ። የመንደሩ ወንዶች ጭቃውን ከሳጥኑ በባልዲ አወጡ፣ ግንቡን በብሩሽ ፈተጉ፣ አዲስ ክዳን ገጠምን። ከላይ የሚመጣውን ጎርፍ ወደ ጎን የሚመልስ ቦይ ቆፈርን፣ ዙሪያውን በእንጨት አጠርነው። ከዚያ ክሎሪኑን በባልዲ በጥብጠን ጨመርን፤ ጠንከር አድርገን ነው የጨመርነው፣ ሽታው ዓይን ያስለቅሳል። ከጁምዓ ሰላት በኋላ ኢማሙ እኛ ሳንፈቅድ ማንም ከቦኖው እንዳይጠጣ ለሕዝቡ ተናገሩ። ሰውን ሁሉ አስጠነቀቅን። ከብቶቹን ያስጠነቀቀ አልነበረም።

ሳጥኑን ያጠብንበትን ውሃ ከጎኑ ወዳለው መስክ ለቀቅነው። ክሎሪኑ ሲደርቅ ድንጋዩ ላይ ነጭ ቅርፊት ጥሎ ቀረ። እኛ ሮቤ ተመልሰን ሻይ እየጠጣን «ተገላገልን» ስንባባል የሆነውን የሰማነው በኋላ ነው።

ባሌን የማያውቅ ሰው ሆራ ምን እንደሆነ ላይገባው ይችላል። ከመሬት የሚፈልቅ ጨው ጨው የሚል ውሃ ነው፤ ዳር ዳሩ ላይ ነጭ ቅርፊት ያበጃል፣ አንዳንዱም ሽታው አፍንጫ ይወጋል። ከብት ሆራ ሲጠጣ ይደልባል፣ ወተቱ ይበዛል ይባላል፤ ሰው ከብቱን እየነዳ ሩቅ መንገድ ይሄድለታል። እንግዲህ አስቡት። ጎርፍ ምድሩን ገለባብጦታል። አንድ ብዙ ከብት ያላቸው ሽማግሌ፣ ሁሉም «ሐጂ» የሚላቸው፣ ከዳገቱ ማዶ ሲመጡ ድንጋዩ ላይ ነጭ ቅርፊት ያያሉ። ጎንበስ ብለው በጣታቸው ይቀምሳሉ፤ ምላስ ያቃጥላል። ያሸቱታል፤ አፍንጫ ይወጋል። አላህ በደጃቸው ሆራ አፍልቆላቸዋል!

ወሬ ከእኛ ሞተር ሳይክል ይፈጥናል። በማግሥቱ ረፋዱ ላይ ስንደርስ ዳገቱ ቀይ፣ ጥቁር፣ ዳልቻ፣ ቡሬ ሆኗል። ከብቱን ነድቶ ያልመጣ የለም፤ የዲንሾ ሰዎች ሳይቀሩ ደርሰዋል። አንዷ ላም የግንቡን ሳጥን ዓይኗን ጨፍና ትልሰዋለች። ሌላዋ አጥሩን ጥሳ የቆፈርነው ቦይ ውስጥ ቆማለች። ቦይ የሚባል ነገርም አልቀረ፤ ረግጠው ረግጠው ደልድለውታል። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር እበቱና ጭቃው መሄጃ አጥቶ ሳጥኑ ዙሪያ ተኝቷል።

ቆሽቴ አረረ። ወደ ከብቶቹ መሃል ሮጬ ገባሁና በኦሮምኛ መጮህ ጀመርኩ። ችግሩ የማውቀው ኦሮምኛ ሰላምታ ብቻ መሆኑ ነው። ባልደረባዬ እስከ ዛሬ በየሻይ ቤቱ ያስመስለኛል፤ እሱ እንደሚለው እጄን እያወናጨፍኩ ላሞቹን አንድ በአንድ ደህንነታቸውን ጠይቄያለሁ።

ሐጂ ፊታቸው በደስታ በርቶ መጡ።

«እንኳን ደስ ያለሽ! ስንት ዘመን ስንመኘው በአንቺ እጅ ወጣ። እጅሽ ይባረክ!»

«ሆራ አይደለም፣ ሐጂ» አላቸው ባልደረባዬ። «መድኃኒት ነው። ውሃ ውስጥ ያለ ጀርም የሚገድል።»

ሐጂ አሰቡበት።

«ጀርም ከገደለ ለከብቱስ ምን ክፋት አለው?»

ደግነቱ ዝናቡ አብዛኛውን አጥቦት ስለነበር ከብቶቹ የላሱት እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፤ አንዳቸውም ምንም አልሆኑም። እንዲያውም ሐጂ የአንዷ ላማቸው ወተት ጨምሯል ብለው ዛሬም ይከራከሩኛል። የእኛ ምንጭ ግን ተመልሶ ተበላሸ። ብልቃጡ ዶሮዋ ሥር አድሮ ሲወጣ ጥቁር ነው። አዴ ወደ ብርሃን አንስተው ብዙ አዩት። ከዚያ ወደ ቅርጫቱ ዞረው ዶሮዋን «የአንቺ ጥፋት አይደለም» አሏት።

ስልክ የሚሠራው ከቤታቸው ከፍ ብሎ ካለው ጉብታ ላይ ነው። አብሬያቸው ወጣሁ። ደሎ መና ሲደውሉ ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ አደረጉት፤ የሚደብቁት ነገር አልነበራቸውም። የሁለቱ ሴቶች ሰላምታ ከእኛ ሰላምታ እጥፍ ነው። ጤናው፣ ሙቀቱ፣ ብርዱ፣ ቡናው፣ ገብሱ ሁሉ ተጠየቀ። አንዳቸውም ለሌላዋ ቸኩላ የታየች መሆን አልፈለገችም።

«ውሃውስ እንዴት ሆነላችሁ?» አሉ በመጨረሻ አማቲቱ።

አዴ ዋሽተው አያውቁም።

«ጠቆረ» አሉ።

«እንግዲያው ልጅቷ እዚሁ ትሁን። እዚህ ይሞቃታል፤ ማሩም ሞልቷል።» ድምፃቸው ራሱ ማር ነበር።

«ለማሩ አላህ ይስጥልኝ» አሉ አዴ፤ ስልኩን ዘጉት።

ከዚያ በመዳፋቸው ፊታቸውን ጠረጉ። ንፋሱ ነው አሉኝ። ንፋስ አልነበረም።

«እሷን ስወልድ እናቴ አጠገቤ ነበረች» አሉ፣ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ሳኔቲ ተራራ እያዩ። «እሷ ስትወልድ እኔ አጠገቧ ከሌለሁ ምኑን እናት ሆንኩት?»

አንጀቴን በሉት። ጎጃም ያለችው እናቴ ትዝ አለችኝ፤ ያን ቀን ወደ እሷም ደወልኩ። የምነግራት ቢጠፋኝ ስለ ዶሮዋ ነገርኳት። ስቃ ስታበቃ «ሴትዮዋን እንዳታሳፍሪያት» አለችኝ።

አዴ ግን ጉብታው ላይ አልቀሩም። በዚያው ከሰዓት በኋላ ሐጂና ሌሎቹ ባለ ከብቶች ከጽድ ዛፉ ሥር በተሰበሰቡበት ሄዱ። ወንዶቹ ተቀምጠዋል፤ እሳቸው ቆሙ። የተናገሩትን ባልደረባዬ በጆሮዬ ይተረጉምልኝ ነበር።

«ሆራ መስሏችሁ ነው፤ አልፈርድባችሁም። እኔም ከብት አለኝ። የእኔም ጥጃ ስትልስ አይቻታለሁ። ግን የረገጣችሁት ቦይ ብቻ አይደለም፤ ልጄ የምትመጣበትን መንገድ ነው።»

ሐጂ ቆባቸውን አውልቀው ራሳቸውን አከኩ፣ መልሰው አጠለቁ።

«መቼ ነው የምትወልደው?»

«ደርሳለች።»

«እንግዲያው ነገ ደቦ ነው» አሉ ሐጂ። የተቃወመ የለም።

የባሌ ሰው ሲቆጭ እንዴት እንደሚሠራ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ዶማውም አካፋውም ከየቤቱ ወጣ። ቦዩ ከበፊቱ ጠልቆ ተቆፈረ፣ የእንጨቱ አጥር ቀርቶ የድንጋይ ካብ ተካበ። ሴቶቹ እርጎና ቂጣ ይዘው ወጡ፤ አዴ እየዞሩ ካቡን በእግራቸው እየገፉ የላላውን አስፈረሱ። ሐጂ ደግሞ ራሳቸውን ዘበኛ አድርገው ሾሙ። ወሬው ዘግይቶ የደረሰው ሰው ከሩቅ ከብቱን እየነዳ ሲመጣ በዱላቸው መንገዱን ይዘጉና፣

«ሆራው ተዘግቷል፤ ልጅ ሊወለድ ነው!» ይሉታል።

ሰውዬው ምኑ ከምኑ እንደተገናኘ አይገባውም። ቢሆንም እጁን ዘርግቶ ዱዓ ያደርግና ከብቱን ይመልሳል። እኔን የሚያየኝ ግን በቅሬታ ነው። ያወጣሁትን ሆራ መልሼ ያጠፋሁት እኔው ነኝ ተብሏል።

ሳጥኑን እንደገና አጠብን፣ እንደገና ክሎሪን ጨመርን። የታጠበበትን ውሃ አሁን ጉድጓድ ቆፍረን ደፋነውና አፈር መለስንበት። ቦኖውን ከፍተን ሽታው እስኪጠፋ ለቀቅነው። ብልቃጡን ሞልቼ ለአዴ ሰጠኋቸው፤ እሳቸው ለዶሮዋ ሰጧት። በዚህ መሃል ከአዴ ጋር ጉብታው ላይ ወጥተን ሳለ ስልክ ተደወለ። ልጅቷ ናት። አልቅሳ አስቸግራ ከአማቷ ጋር አውቶቡስ ተሳፍራለች። ለወሊዱ የጎባ ሆስፒታል ይሻላል ስለተባለ አማቲቱም እምቢ ማለት አልቻሉም። ግን ስልኩን ተቀብለው ቃላቸውን ሰጡ፤ ዛሬ ጎባ ዘመድ ቤት ያድራሉ፣ ጠዋት ብልቃጡ ጥቁር ከሆነ መንደሩን አይረግጡም፣ ልጅቷ እንደወለደች ይዘዋት ወደ ደሎ መና ይመለሳሉ። ደግሞም የራሳቸውን ውሃ በጀሪካን ይዘዋል።

ጠዋት አዴ እጃቸውን ከዶሮዋ ሥር ሲከቱ እኔ ማየት አልቻልኩም፤ በሩን ነበር የማየው።

«ዙሪ» አሉኝ።

ዞርኩ። ውሃው እንደሞላሁት ነው፤ የጥቁር ጠብታ እንኳ የለበትም። አዴ ብልቃጡን ሳሙት። ቀጥለው ዶሮዋን ሳሙ፤ ነቆረቻቸው። ባልደረባዬ ስልክ ይዞ ወደ ጉብታው ሲሮጥ ተንሸራቶ ወደቀ፣ ተነሥቶ እየሳቀ ሮጠ።

ከሰዓት በኋላ በጋሪ ደረሱ። ልጅቷ ወርዳ እናቷ አንገት ላይ ስትጠመጠም የመንደሩ ሴቶች እልል አሉ። አማቲቱ አጠር ሞላ ያሉ፣ ደማቅ ሻሽ ያሰሩ ሴት ናቸው። ቢጫ ጀሪካኖቻቸው በሐረና ጫካና በሳኔቲ ብርድ አውቶቡስ ላይ ተጭነው ተሻግረዋል። ሰላምታው ሳያልቅ፣

«ዶሮዋ የታለች?» አሉ።

ወሰድናቸው። ጎንበስ ሲሉ ዶሮዋ ነቆረቻቸው። «ታማኝ ናት» አሉና ሳቁ። ከቦኖው አንድ ኩባያ ቀድተው ጠጡ። ሁላችንም አፋቸውን እናያለን።

«ቀዝቃዛ ነው» አሉ።

ጀሪካኖቻቸውን ከመኝታቸው አጠገብ አስደርድረው ልጅቷ እስኪተማመኑ ድረስ ከዚያ እንድትጠጣ አዘዙ። አዴ አልተቃወሙም፤ እንግዳቸው ናቸዋ። እኔ ግን ነገረኛ ነኝ። አማቲቱ ለሰላት ሲወጡ የአንዱን ጀሪካን ክዳን ፈትቼ አንድ ብልቃጥ ሞላሁ። አዴ አይተውኛል። አልፈቀዱልኝም፣ አልከለከሉኝም። ብልቃጡን ዶሮዋ ሥር ስሸጉጥ ወደ ሌላ አቅጣጫ ያዩ ነበር። ልጅቷንም «ከወተቱ ጠጪ» እያሉ በወተት አመሿት።

እዚያው አድሬ በማግሥቱ ከአዴ ጋር አወጣነው። ጥቁር። ከጎርፉ ውሃ እኩል ጥቁር።

«የደሎ መና ውሃ ጥፋት ላይሆን ይችላል» አልኩ በሹክሹክታ። «ጀሪካኑ ይሆናል፤ ውስጡ ዘይት ዘይት ይሸታል፣ በደንብ አልታጠበም።» እንዲህ አልኩ እንጂ ልቤ በደስታ እየዘለለ ነበር። እኔ ብሆን ብልቃጡን እንደ ባንዲራ ይዤው እዞር ነበር። ያ ሁሉ የማር ንግግር፣ ያ ሁሉ «ጭቃ አላጠጣም»! አዴ በመዳፋቸው ይዘውት ቆሙ። ፊታቸው ላይ ፈገግታ መጣ፤ አይቼዋለሁ፣ ሰው ናቸው። ከዚያ ፈገግታው ጠፋ።

«ይህች ሴት በዕድሜዋ ያን ሁሉ ብርድ የተሻገረችው ለእኔ ልጅ ብላ ውሃ ተሸክማ ነው» አሉ። «እኔ ቤት ላሳፍራት?»

ብልቃጡን በወረቀት ጠቅልለው ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ጣሉት። ጀሪካኖቹን አንድ በአንድ አውጥተው ጓሮ፣ ጎመኑ ላይ ደፏቸው። አማቲቱ ወጥተው ባዶውን ጀሪካን ሲያዩ አዴ እጃቸውን እያማቱ፣

«ላሞቹ ገፍተው ደፉት! ምን ላድርጋቸው?» አሉ።

አዴ ዋሽተው አያውቁም ብዬ ነበር። ከዚያች ጠዋት በቀር ማለት ነበረብኝ።

አማቲቱ ርሶ የሚያንጸባርቀውን ጎመን አዩ። እኔን አዩ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

«ከብት ነው እንግዲህ፤ ምን ይደረጋል» አሉና ኩባያ ይዘው ወደ ቦኖው ሄዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሳቸውም ልጅቷም የምንጩን ውሃ ጠጡ።

ልጅቷ ጎባ በሰላም ወለደች፤ ሴት ልጅ። እናቷ ቤት ስትገባ ዶሮዋ ጫጩቶቿን ይዛ ከበሩ ሥር ትርመሰመስ ነበር፤ ቅርጫቱ ባዶ ሆኖ ሳየው እውነቴን ነው ከፋኝ። ሁለቱ አያቶች ገንፎው ላይ በሚፈስሰው ቅቤ መጠን ተጨቃጨቁ፣ የሕፃኗን ገላ ማን ይጠብ በሚለው ተጨቃጨቁ፣ ሲጨቃጨቁ ደግሞ ደስ ሲላቸው ያስታውቃል። አማቲቱ መመለሻቸው ሲደርስ ጀሪካኖቻቸው በምንጩ ውሃ እንዲሞሉላቸው ጠየቁ። አዴ ቁጭ ብለው ጀሪካኖቹን በአሸዋና በሙቅ ውሃ እያሹ ዋሉባቸው፤ «አቧራ ነክቷቸዋል» ነው ያሉት። ከዚያ እኔ የሰጠኋቸውን ክሎሪን ጨምረው አለቀለቋቸው።

አማቲቱን ጎባ መናኸሪያ ድረስ የሸኘኋቸው እኔ ነኝ። አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል ክንዴን ያዙኝ።

«አንቺ የውሃ ሐኪም፣ ያችን ጠዋት ታስታውሻታለሽ? ለሱብሂ ሰላት ስነሣ ከእናንተ በፊት እጄን ከዶሮዋ ሥር ከትቼ ነበር። የጀሪካኔ ክዳን ላልቶ ሳየው ነገር ገብቶኝ ነዋ።»

የተሸከምኩትን ጀሪካን መሬት አስቀመጥኩ።

«ጥቁር ነበር። መልሼ አስቀምጬው ሰገድኩ። ‹አሁን ይህችን ሴት አያታለሁ› አልኩ። ብታሳፍረኝ ኖሮ ልጅቷን እንደወለደች ይዣት ልወርድ ቆርጬ ነበር።» ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሳቅ ነበር። «ላሞቹ አለችኝ! ላሞቹ!» ዓይናቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉ። «ለእናቷ ‹ልጅቷ ቶሎ አትምጣ› በያት። እናቷን እስክትጠግብ ትቆይ።»

«ለምን እንደሆነስ ልንገራቸው?»

«እንዳትነግሪያት! ለእኔ ብላ ዋሽታ ውሸቷን ላበላሽባት?»

ተሳፈሩ። ጀሪካኖቹን ጣራ ላይ እንዳይጭኗቸው ረዳቱን ሲቆጡት በመስኮቱ ይሰማኝ ነበር።

ለአዴ እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም። መንደሩ ስሄድ አሁንም በብልቃጥ ውሃ እቀዳለሁ፤ ሕፃኗም አድጋ ጫጩት ታባርራለች። የደሎ መናዋ አማት ስማቸው በተነሣ ቁጥር አዴ ራሳቸውን እየነቀነቁ፣

«ጥሩ ሴት ናት» ይሉኛል። «ላሞቹ ውሃዋን ሲደፉባት እንኳ አልተቆጣችም።»

«እውነትዎን ነው» እላቸዋለሁ። «ጥሩ ሴት ናቸው።»